ማስታወሻዬን የት ልጻፈው?

ኧረ ይሄ የማስታወሻ አፕ ነገር አንገሸገሸኝ! ያነበብኩትን፣ የሰማሁትን፣ ድንገት የመጣልኝን ሐሳብ አንድ ቦታ አስቀምጬ ስፈልገው ላግኘው ነው ያልኩት።

አንዱ ያለ ኔትወርክ አይከፍትም። አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ትናንት የጻፍኩትን ልይ ስል ነጭ ስክሪን ላይ ክቡ ይሽከረከራል። የራሴ ጽሑፍ እኮ ነው! ሌላው ክፍያው በዶላር፣ ያውም በየወሩ፤ የብር ካርዴን አይቀበልም። በነጻ ነው ብሎ መተማመንም አይቻልም፤ ኤቨርኖት የሚባለው የማስታወሻ አፕ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነጻ ተጠቃሚዎቹን በ50 ማስታወሻ ወስኗቸዋል። ኦብሲዲያን የሚባለው አፕ ቢያንስ ጽሑፉን ተራ ፋይል አድርጎ እዚያው ስልኬ ላይ ያስቀምጥልኛል፤ አፑ ነገ ቢዘጋም ፋይሉ የኔው ነው።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ፍለጋው ነው። «ፀሐይ» ብዬ የጻፍኩትን «ጸሀይ» ብዬ ስፈልግ «ምንም አልተገኘም»! ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር በሚለይበት ሥርዓት) ግን ለየብቻ ቁጥር የተሰጣቸው ሦስት ፊደላት ናቸው። ቃሉ ፊት «በ» ወይም «የ» ሲጨመር፣ እንደ «በአዲስ አበባ» እና «የአዲስ አበባ»፣ ስለሚመጣው ጣጣማ አልገባም። የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደል አንድ አድርጎ የሚፈልግ አፕ የኛን ፊደላት ማመሳሰል ምን ያቅተዋል? ጥቂት መስመር ኮድ እኮ ነው! እዚሁ ከተማ ስንት ጎበዝ ፕሮግራመር አለ፤ እባካችሁ አንዳችሁ ሥሩልን።