የዓመቱ ምርጥ ጆሮ

ጳጉሜ ዘንድሮ አምስት ቀን ብቻ ናት። ለሙዚቃ ደረጃ አውጪዎቻችን ግን በቅታለች። «የ2017 ምርጥ 10 አልበሞች»፣ «የዓመቱ 15 ምርጥ ነጠላ ዜማዎች»፣ «ካልሰማችኋቸው እንዳልኖራችሁ የሚቆጠርባቸው 7 ሥራዎች»። እናንተም ጋ ደርሷል መቼም። ቴሌግራሙ አልበቃ ብሎ ፌስቡክ ላይ፣ እሱም አልበቃ ብሎ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ፣ አክስቴ የእንኳን አደረሳችሁ አበባ በምትልክበት ቦታ ሳይቀር። ዕድሜ ይስጣቸው። እነሱ ባይኖሩ ዓመቱን ሙሉ ስንወደው የከረምነውን ዘፈን በትክክል መውደዳችንን ማን ያረጋግጥልን ነበር?

ለዚህ ምስጋና ያነሳሳኝ በዓሉ ዋዜማ ላይ ያየሁት ተአምር ነው። አንድ አልበም ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተለቀቀ። አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የዓመቱ ሁለተኛ ሆነ። አልበሙ 14 ዘፈን አለው፣ ሲደመር ከአንድ ሰዓት ይበልጣል። እንግዲህ ደረጃ አውጪው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ አልበሙን አወረደ፣ ሰማ፣ አጣጣመ፣ ዓመቱን ሙሉ ከወጡት ሥራዎች ጋር አመዛዘነ፣ ከአንደኛው በምን እንደሚያንስ ከሦስተኛው በምን እንደሚበልጥ ለየ፣ ፖስተር ሠራ፣ ፖስተሩ ላይም የራሱን ፎቶ ከዘፋኙ ፎቶ አስበልጦ ለጠፈ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደግሞ መሥሪያ ቤት ነው። ደሞዝ እየበላ።

ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን ተሰማ ብሎ የሚቆጥረው ቢያንስ 30 ሰከንድ ሲደመጥ ነው። ፈረንጅ ቀርፋፋ ነው። የኛ ሰው 15 ሰከንድ ይበቃዋል፣ እሱንም ቲክቶክ ላይ፣ እሱንም ልጅቷ ስትጨፍርበት እያየ። ማሲንቆው መግቢያውን ገዝግዞ ሳይጨርስ፣ ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት ደረጃው ወጥቷል። ገጣሚው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ወርቅ ደብቋል? ይደብቅ። ሰሙንም ላልሰማ ሰው ወርቁ ምን ያደርግለታል።

የዘመን አቆጣጠራችንም ሲሳይ ሆነላቸው። ሌላው ዓለም ዓመቱን አንዴ ይዘጋል፣ እኛ ሁለቴ። ጳጉሜ ላይ አንድ ዝርዝር፣ ታኅሣሥ ላይ ፈረንጆቹ ሲዘጉ ሌላ ዝርዝር። ጳጉሜ ላይ ሦስተኛ የነበረ አልበም ታኅሣሥ ላይ ዘጠነኛ ሆኖ ይገኛል፤ በመሃል ምን አጥፍቶ እንደሆነ የሚነግረን የለም። «የ2017» ሲሉም የማን 2017 እንደሆነ አይናገሩም። ዘንድሮ አንዱ አስተያየት ሰጪ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» ለምን ተዘለለ ብሎ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መጣ። ወንድሜ፣ አልበሙ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው ቢሉት «ኢንተርኔት ላይ 2017 ነው የሚለው» አለ። እውነቱን ነው፣ በፈረንጆቹ 2017 ነው። ቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ የሆነውም ያኔ ነው። ስድቡ እስከ እኩለ ሌሊት ቀጠለ። ደረጃ አውጪው መጨረሻ ላይ ምን አደረገ መሰላችሁ? አራተኛ ላይ አስገባው። ሰላም ወረደ።

ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ግን አንድ ወዳጄን ነው። ስሙን አልጠራም፤ ባልጠራውም እያንዳንዱ ደረጃ አውጪ እኔን ነው ማለቱ አይቀርም። ይህ ወዳጄ አምና ባወጣው ዝርዝር ውስጥ አራተኛ ያደረገው አልበም ገና አልወጣም ነበር። የወጣው «በቅርብ ቀን» የሚል ፖስተር ብቻ ነው። የኛን አገር «በቅርብ ቀን» ታውቁታላችሁ፣ ልጅ ተወልዶ ፊደል ይቆጥርበታል። ወዳጄ ግን ለአልበሙ ከ10 9.2 ሰጠው። 0.8ቷን ለምን ቀነስክ ብለው «ስድስተኛው ዘፈን ትንሽ ይረዝማል» አለኝ። ስድስተኛውን የት ሰማኸው? «አልሰማሁትም። ግን ይሄ ልጅ ስድስተኛ ዘፈን ላይ ሁሌ ያንዛዛል።» ቅንብሩንስ እንዴት አየኸው? «ፖስተሩን አታይም እንዴ? ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ኮፍያው ዘመም ብሎ። ትዝታ አለበት። ባቲም አይጠፋም።»

እኔ ብቻዬን የተደመምኩ መስሎኝ ከስሩ ያለውን አስተያየት ከፈትኩት። አንዱ «አራተኛ? ሙድ ነው የምትይዘው? ቢያንስ ሁለተኛ ነው» ይላል። ሌላው «ከበፊቱ አልበሙ በጣም ወርዷል፣ እውነት እንነጋገር» ይላል። አንዷ ሰባተኛው ዘፈን ላይ አልቅሳለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈው «እኛ ጋ መኪና ውስጥ ሌላ ነገር አይከፈትም፣ ዲሲን ቀውጦታል» ብሏል። አንድ ምስኪን ብቻ «አልበሙን የት ነው የማገኘው?» ብሎ ጠየቀ። ፋራ ተብሎ ተሰደበ።

ከዚያ አልበሙ ዘገየ። ለገና ይደርሳል ተባለ፣ ለፋሲካ ተባለ። ወዳጄ በየበዓሉ ዝርዝሩን ያድሳል። ገና ላይ ወደ ሦስተኛ ከፍ አደረገው፣ «እያደር የሚጥም ሥራ ነው» ብሎ። ፋሲካ ላይ ወደ አምስተኛ አወረደው፣ «ደጋግሜ ስሰማው ቀዘቀዘብኝ» ብሎ። ግንቦት ላይ ድምፃዊው ራሱ ቃለ መጠይቅ ሰጥቶ ሁለት ዘፈን ገና ድምፅ አልገባባቸውም ሲል፣ ወዳጄ ከልቡ አዘነ። «የራሱን ሥራ እኮ አያውቀውም፣ አርቲስት ሁሌ እንዲህ ነው» አለኝ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ትችቱን አለዘበ፤ ስድስተኛው ዘፈን ርዝመቱ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ተረድቻለሁ ብሎ ከ0.8ቷ ላይ 0.3 መለሰለት። ይቅር ባይ ሰው ነው። ነሐሴ ላይ አልበሙ በመጨረሻ ወጣ። ስድስተኛው ዘፈን ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በል እንግዲህ ሰማኸው ወይ ብዬ ብደውልለት ተሰላቸ። «ያንን እኮ አምና ጨርሼዋለሁ፣ አሁን የሚመጣው ዓመት ላይ ነኝ» አለኝ።

ሌሎቹንም ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ታክሲ ውስጥ፣ የሹፌሩ ሬዲዮ እየጮኸ፣ በስንጥቅ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ሰምቶ «ሚክሲንጉ ላይ ቤዙ ተውጧል» የሚለው ባለሙያ አለ። ጆሮው ይለያል። ቤዙን ብቻ ሳይሆን ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ሲል የተዋጠውንም ግጥም ጭምር ገምግሟል። ደግሞ የድሮ አፍቃሪው አለ፣ የዓመቱን ምርጥ አዲስ ሥራ ሲመርጥ አባቱ ጎረምሳ ሳሉ የተቀዳ ሸክላ አንደኛ የሚያደርግ። አዲስ የተባለው አውሮፓ ውስጥ እንደገና ስለታተመ ነው። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሐ ሪከርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር እዚሁ አዲስ አበባ ነበር፤ ያኔ የሰማ ሰምቷል። ለኚህ ወንድማችን ግን ዘፈን ጣዕም የሚኖረው ከፓሪስ ዞሮ፣ ጀርባው ላይ በፈረንሳይኛ ተጽፎበት፣ በዩሮ ሲመለስ ነው። ከዚያ «እንደ ድሮ የለም» ብሎ ይተክዛል። የዘንድሮን ሳይሰማ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ልተወውና ያበገነኝን ልናገር። እነዚህን ዝርዝሮች አንድ በአንድ አየኋቸው። የግጥም ደራሲ ስም የለም። የዜማ ደራሲ የለም። አቀናባሪ የለም። ክራሩን የመታው፣ ዋሽንቱን የነፋው ሰው ጭራሽ አልተወለደም። እሺ ይሁን፣ አላወቁም እንበል። ከዝርዝሩ ስር ግን ምን አለ? «ሙሉ አልበሙን ከታች አውርዱ»። በነፃ። አሥሩም አልበሞች። ይሄ አድናቆት አይደለም፣ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሰውየው ዓመታት የለፋበትን፣ ተበድሮ ስቱዲዮ የከፈለበትን ሥራ በወጣ በሰዓቱ ጠቅልለህ ለሺህ ሰው ታድልና፣ ከላዩ ላይ «ጥበብን እናበረታታ» ብለህ ትጽፋለህ። የቅጂ መብት ዐዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፣ በ2007 ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ዐዋጁ በወጣበት ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ አድጎ ቻናል ከፍቶ አልበም ያድላል። ድሮ ካሴት የሚገለብጠው ነጋዴ ቢያንስ በጓሮ በር ነበር የሚገለብጠው። ያፍር ነበር። ይሄኛው ግን ልብ ይላክለታል፣ «ጀግናችን» ይባላል፣ አልፎ ተርፎ ድምፃዊው ራሱ አንደኛ ስላደረከኝ አመሰግናለሁ ብሎ ይጽፍለታል። ምን ያድርግ? ባያመሰግን አሥራ አንደኛ ያደርገዋል።

ይቅርታ፣ ትንሽ ሞቀኝ። ወደ ምስጋናው ልመለስ።

የደረጃ አውጪነት ጥበብ በዓመቱ ውስጥ እጅግ አድጓል። ደጋፊዎችም አብረው አድገዋል። አንድ ድምፃዊ አንደኛ ካልሆነ ዝርዝሩ የተገዛ ነው፣ አንደኛ ከሆነ ደግሞ ሌላኛው ወገን «ስንት ተከፈለህ» ይላል። በዚህ መሃል ዘፈኑን የከፈተ ሰው የለም። ስለ ዜማው ላንሳ ብትል «አንተ የማን ነህ?» ትባላለህ። እኔም አንድ ጊዜ አንድ የአንቺ ሆዬ ዜማ በጣም ጥሩ ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ደረጃውን ሳልናገር። ሰዉ ተጨነቀ። ስንተኛ ነው ታዲያ? ስንተኛ? ቁጥር ከሌለው ዝም ብሎ ጥሩ መሆኑ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ዕድገቱ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሻገሩ አልገረመኝም። እንቁጣጣሽ ዕለት «የዓመቱ 10 ምርጥ ደረጃ አውጪዎች» የሚል ዝርዝር ወጣ። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ መስፈርቱም አይታወቅም፣ እንደ ወጉ ነው። ወዳጄ ስድስተኛ ሆኗል። ማታ ደወለልኝ፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

«ሰውየው አንዲት ጽሑፌን አላነበበም እኮ! አንዲት! እንዴት ሰው ሳያነብ ደረጃ ያወጣል?»

አይዞህ ወንድሜ፣ ታኅሣሥ ላይ ይስተካከላል አልኩት።