የሼሊን ግጥም ለተማሪዎቹ መልሱላቸው

ሰሞኑን አንድ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል እንግሊዛዊው ገጣሚ ፐርሲ ቢሽ ሼሊ በአውሮፓ አልፕስ ስላለው ተራራ የጻፈውን «ሞን ብላን» የተባለ ግጥም ከሥነ ጽሑፍ ኮርሱ አውጥቶታል። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም። ግጥም መቀየር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር፤ ኮርስ ይሻሻላል። ያንገበገበኝ የተሰጠው ምክንያት ነው። «ሀብታም እንግሊዛዊ ቱሪስት ተራራ አይቶ አፉን የከፈተበት ግጥም ነው። በረዶ አይቶ ለማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ምን ይፈይድለታል?» ተባለ። ይህን ያለው ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። በግጥሙ ቦታ የገባው ደግሞ የሥራ ደብዳቤ አጻጻፍ ነው።

ከበረዶው ልጀምር። በረዶ አላየህም ተብሎ ግጥም የሚነፈግ ልጅ ነገ ባሕር አላየህም ተብሎ የመርከበኛ ታሪክ ይነፈጋል። በዚህ አያያዝ ከግቢው አጥር ውጪ የሚነበብ ነገር አይተርፍም። ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1817 ሲታተም ካነበቡት እንግሊዛውያንስ ስንቱ አልፕስን በዓይኑ አይቶ ነበር? እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ በ1802 በዚያው ተራራ ሥር ስላለው ስለ ሻሞኒ ሸለቆ ረጅም የምስጋና ግጥም አሳትሟል። ሸለቆውን ግን ረግጦት አያውቅም። በጀርመንኛ ከምትጽፍ ገጣሚ ሐሳቡን ወስዶ አስፋፋው እንጂ። እንግሊዛዊው ሳያይ ይጽፋል፣ የእኛ ልጅ ሳያይ አያነብም? ደግሞስ ማን ነው የእኛ ተማሪ ተራራ አያውቅም ያለው? ከሰሜን ተራሮች ሥር፣ ከጉና፣ ከባሌ የመጣ ልጅ ጫፉ በደመና የተሸፈነ ተራራ ሥር መቆም ምን ምን እንደሚል ለንደን ካደገው ልጅ በላይ ያውቃል።

ሼሊ ገንዘብ ነበረው፤ ይህን አልክድም። አያቱ ከሞቱ በኋላ በዓመት አንድ ሺህ ፓውንድ ያገኝ ነበር። ነገር ግን በ1816 ሐምሌ ወር፣ በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከሜሪ ጋር ሻሞኒ ሲደርስ የ23 ዓመት ወጣት ነው። ስለ ኢ-አማኒነት በጻፈው ትንሽ ጽሑፍ ምክንያት ከኦክስፎርድ ተባርሯል። ባረፈበት ሆቴል መዝገብ ላይ በግሪክኛ «ዴሞክራት፣ የሰው ልጅ ወዳጅ፣ ኢ-አማኒ» ብሎ ፈርሟል። እኔ አማኝ ነኝ፤ በመጨረሻው አልስማማውም። ግን ይህ አፉን ከፍቶ ፎቶ የሚነሳ ቱሪስት ጠባይ አይደለም።

አሁን ግጥሙን እንክፈተው፤ የከፈቱት አይመስለኝምና። ሼሊ በአርቭ ወንዝ ላይ ካለ ድልድይ ቆሟል። የመጀመሪያዎቹ ስንኞች ተራራውን አያነሱም። ዓለም በሰው አእምሮ ውስጥ እንደ ወንዝ ሲፈስ ነው የሚያሳዩት። ተራራው ከመጣ በኋላም ጫፉ ሩቅ ነው። እዚያ ላይ በረዶ ይወርዳል፤ ማንም አያየውም። ከዚያ የበረዶ ግግሩ ይመጣል። አደኑን እንደሚጠብቅ እባብ እየተሳበ ይወርዳል። ጥዱን ይሰባብራል። የአራዊቱን፣ የአእዋፉን፣ የነፍሳቱን ማደሪያ ይውጣል። ሰው ፈርቶ ይሸሻል፤ ሥራውና ቤቱ እንደ ጭስ ይበናል። የውበት አድናቆት ነው የምትሉት ይህንን ነው?

ይህን ፍርሃት ከሜዳ አላመጣውም። በ1815 ኢንዶኔዢያ ውስጥ ታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተከታዩ ዓመት አውሮፓ በብርድ ምክንያት በጋ አጥታ ነበር። በዚያ ዘመን የሻሞኒ የበረዶ ግግሮች ወደ ሸለቆው እየገፉ ነበር። ሼሊ ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ ግግሮቹ ግጦሹንና ጫካውን እንዴት እንደሚያወድሙ በዝርዝር ጽፏል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። እሱ የጎበኘው ሜር ደ ግላስ የተባለው ግግር ከመቅለጡ ብዛት፣ ጎብኚ በረዶውን ለመንካት ከ500 በላይ ደረጃ የሚወርድበት ጊዜ መጣ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ በየሴሚናሩ የምናሰለቸው ተማሪ ይህን ግጥም ከዚህ ሐቅ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ቢያነበው ምን ይጎዳል?

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን የተራራው ድምፅ ነገር ነው። ኮልሪጅ በግጥሙ በረዶውንም ፏፏቴውንም የእግዚአብሔርን ስም ያስጮሃቸዋል። በዚህ ሸለቆ ቆሞ ማን ኢ-አማኒ ሊሆን ይችላል ብሎም ጠይቋል። ሼሊ ይህን ያውቃል፤ እምቢ ይላል። ተራራው የፈለግነውን እንዲናገርልን አያስገድደውም። ተራራው ድምፅ አለው ይላል፤ የዚያ ድምፅ ሥራ ግን በሰዎች ላይ የተጫነውን የማታለልና የመከራ ሕግ መሻር ነው። ይህ የተጻፈው ናፖሊዮን ወድቆ ነገሥታቱ በየዙፋናቸው ሲመለሱ ነው። አንድ ወጣት ሥልጣን ሁሉ ተመልሶ በተደላደለበት ሰዓት ከነገሥታቱ የሚበልጥ ነገር ፊት ቆሞ «ሕጋችሁ ይሻራል» አለ። ይህን ነው ለተማሪዎቻችን አይጠቅምም የምትሉት።

መጨረሻውም ጥያቄ ነው። በእኔ አማርኛ እንዲህ ይሆናል፦ «ለሰው ልጅ ምናብ ዝምታና ብቸኝነት ባዶ ቢሆኑ ኖሮ፣ አንተስ፣ ምድርስ፣ ከዋክብትስ፣ ባሕርስ ምን በሆናችሁ ነበር?» መምህሩ ይህን ጥያቄ ባዕድ ነው ይበለኝ እስቲ! ባሕታዊ ዝምታን ፍለጋ ተራራ የሚወጣበት አገር ነው ያለነው። በገመድ ተጎትቶ ደብረ ዳሞ የሚወጣ መነኩሴ፣ ዋልድባ የገባ አባት ዝምታ ባዶ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ኢ-አማኒው ሼሊና መናኙ መልሳቸው ለየቅል ነው፤ የቆሙት ግን አንድ ጥያቄ ፊት ነው። ከዓለም ሁሉ ተማሪ ይህን ጥያቄ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው የእኛው ልጅ ነው። እሱን ነው «አይገባህም» ያላችሁት።

የዚህ ግጥም አንድ የእጅ ጽሑፍ ከ150 ዓመት በላይ ለንደን ባንክ ቤት ውስጥ በሻንጣ ተቆልፎ ኖሮ በ1976 ሲገኝ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ተደስተው ነበር። እዚያ የተቆለፈው የሻንጣው ባለቤት ትቶት ስለሄደ ነው። እኛ ግን አውቀን ነው የቆለፍንበት።

ከባድ ግጥም ነው፤ አዎ። ዓረፍተ ነገሩ ይጠማዘዛል፤ መምህርም ይሳሳትበታል። ቢሆንም ሁሉም 144 ስንኝ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፤ የሥራ ደብዳቤውም ቦታ አያጣም። የሚቀጥለው ሴሚስተር የኮርስ ዝርዝር ገና አልጸደቀም። ትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ሲቀመጥ መጀመሪያ ግጥሙን እስከ መጨረሻው ያንብበው፤ ከዚያ መልሶ ያስገባው።