ሶላር ልገዛ ሄጄ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ተባልኩ

አሁን ገና ከታክሲ መውረዴ ነው፣ ጫማዬንም አላወለቅኩም፣ ግን ይሄን ሳልጽፈው ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሶላሩን ነገር ታውቃላችሁ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሰራ ሶላር ለቤታችን ልግዛ እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ ያደረቅኳችሁ ጉዳይ ነው። ዛሬ ልቋጨው ብዬ ከስራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ደብተሬን ይዣለሁ፣ ደብተሩ ላይ የ15 ቀን የቆጣሪ ንባብ ጠዋትና ማታ ተጽፏል፣ እንጀራ የጋገርንበት ቀን በቀይ የተከበበ ነው። እና የተባልኩት ምን መሰላችሁ?

«የኔ እናት፣ ይሄ ቴክኒካል ነገር ነው፣ ባለቤትሽን ይዘሽ ብትመጪ አይሻልም?»

ባለቤትሽን!! በናታችሁ ዋጋ ጠየቅኩ እንጂ ለሽምግልና አልሄድኩም።

ሱቁ ገባሁ፣ ሻጩ ልጅ ስልኩን እየነካካ ነው። ለቤት የሚሆን ትልቁን ሶላር ፈልጌ ነበር አልኩት። «አምስት ኪሎው አለ፣ ሙሉ ቤት ይነዳል» አለኝ ቀና ሳይል። ምጣድም ይችላል? «ሁሉንም ይችላል።» ምጣዴ እኮ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ነው የሚስበው፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ሃይል ለቤት እቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ሳጥን) 5 ኬቪኤ ነው ወይስ 5 ኪሎዋት? «ያው ነው።» ያው አይደለማ! ምጣዱን የሚችለው አይችለው የሚለየው ኪሎዋቱ ነው። ጎንበስ ብዬ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፣ 5 ኬቪኤ፣ 4 ኪሎዋት ይላል። ምጣዱ ሦስት ተኩሉን ከወሰደ የሚቀረው ግማሽ ኪሎዋት ነው፣ የፍሪጁ ሞተር ደግሞ ሲነሳ ለአፍታ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ያኔ ኢንቨርተሩ ጮሆ ጥርቅም ይልና ሊጡ ምጣዱ ላይ እንደፈሰሰ ይቀራል። ይሄን አስረዳሁት። ፊቱ ጠቆረ።

ባትሪውስ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል አልኩት። «አምስት ኪሎ አልኩሽ እኮ።» እሱ የኢንቨርተሩ ነው፣ እኔ የምጠይቅህ ባትሪውን ነው። ኪሎዋት ማለት የቧንቧው ውፍረት ነው፣ ኪሎዋት ሰዓት ማለት ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ነው፣ ቧንቧው ቢወፍር ሮቶው ባዶ ከሆነ ምን ይፈይዳል? ባትሪው 48 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ነው፣ ስታባዙት 4.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሊትየምም ቢሆን እስከ ጥጉ አይሟጠጥም፣ አራት ምናምን ነው በእጅ የሚገባው። እኛ ቤት አንዴ ስንጋግር ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ወደ ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ባትሪው አንድ ሰዓት ከሩብ ሳይሞላው ያልቃል። ይሄንን ነው «ሙሉ ቤት ይነዳል» የሚሉን።

ይሄኔ ነው «ባለቤትሽን» ያለኝ።

እሱ ብቻ ቢሆን ምናለ። እኔ እንደቆምኩ አንድ ሰውዬ ገባ፣ ልጁ ብድግ! «ኢንጂነር ይግቡ፣ ኢንጂነር ይቀመጡ፣ ማኪያቶ ይምጣ?» ሰውዬው ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፣ ኢንጂነር አይደለሁም አለ፣ የውሃ ፓምፕ ዋጋ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ወንበሯ ግን እዚያው ነበረች፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እኔ ስቆም ወንበሯ አጠገቤ ነበረች! ሰውዬው «እሷ ትቅደም፣ እኔም እየሰማሁ እየተማርኩ ነው» ሲል ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ችግር የለም ኢንጂነር፣ እሷ ዝም ብላ ለማወቅ ነው።»

ዝም ብላ ለማወቅ። ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ። ደረጃው ላይ እንባዬ መጣ፣ በንዴት።

ቤቱን ስናሳድስ መስመር የዘረጋው ኤሌክትሪሺያንም እንደዚሁ ነበር፣ እኔ ስጠይቀው ለ17 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ዞሮ ይመልስ ነበር። ልጁ ስልኩ ላይ ጌም እየተጫወተ! ጋራዥ ሄጄ «ወንድ ላኪ» ተብያለሁ። እኔ እኮ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ሚሊዮን ስቆጥር ነው የምውለው፣ ለራሴ ብር ሲሆን ነው ባል የሚያስፈልገኝ?

እሺ ወደ ሂሳቡ። ዋጋው 810 ሺ ብር ነው ከነመግጠሚያው። ያው ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ እቃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እሱን ለማንም አልከስም። ለመብራት ካርድ በወር የምሞላው ወደ 1,500 ብር ነው፣ በዓመት 18 ሺ። 810 ሺን ለ18 ሺ ስታካፍሉት 45 ዓመት። አርባ አምስት! እሱም ከዚያ በኋላ ካርድ የሚባል ነገር አልሞላም ብዬ ነው፣ እሱም የማይሆን ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል አይደል፣ እሺ ሦስት እጥፍ ይሁን ልበል፣ ያም ሆኖ 15 ዓመት ነው፣ እስከዚያ ባትሪው አንዴ መቀየሩ አይቀርም። ድሮማ የቤት ታሪፍ ትልቁ እርከን እንኳን ኪሎዋት ሰዓቱ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ «ወጪ ይቆጥባል» እያላችሁ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉ ሰዎች፣ እባካችሁ ማካፈል ተማሩ።

ግን እኔ መች ለቁጠባ ፈለግኩት። እማዬ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊኗ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልሆነ ያልተከፈተው አይቆይም። ባለፈው ክረምት ዝናቡ የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያቃጠለው ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ኢንሱሊን በፌስታል ይዤ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ስዞር ነበር። ማታ ማታ ደግሞ መብራቱ ቢኖርም ሃይሉ ይወርዳል፣ ስታቢላይዘሩ ላይ 180 ቮልት ያሳያል፣ ምጣድ ደግሞ ቮልቱ 180 ሲሆን የሚሰጠው ሙቀት ከሦስት እጅ ሁለቱን ነው። እንጀራው አይን አያወጣም፣ ይደርቃል፣ ከምጣዱ ይጣበቃል። ስለዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን ነው የምንጋግረው፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሃይሉ ሲረጋ። እማዬ በ71 ዓመቷ ሌሊት ተነስታ ምጣዱን አሰስ ታደርጋለች፣ ተኚ ስላት «አንቺ ጠዋት ስራ ትገቢያለሽ» ትለኛለች። እዚህ ላይ 45 ዓመት ብሎ ሂሳብ የለም።

እና «የህዳሴ ግድቡ አለላችሁ፣ ሶላር ለምን?» ስትሉኝ ያናድደኛል። በግድቡ እኮራለሁ። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሰረቱ ሲጣል ተቀጥሬ ነበር፣ የወር ደሞዜን በ12 ወር ከፋፍዬ ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እማዬ ቡና አፍልታ እልል ብላለች። 5,150 ሜጋዋት ቀልድ አይደለም። ግን ሃይሉ ጉባ ተመርቶ እኛ ምጣድ እስኪደርስ ስንት ሰብስቴሽን ስንት ሽቦ ስንት ያረጀ ትራንስፎርመር አለ፣ መጨረሻው ላይ የኛ ሰፈር የዘመመች ምሰሶ አለች። ሁለቱን አታምታቱብኝ።

ወንድሜ ደግሞ ከሜሪላንድ ይደውላል፣ ትልቁን ግዢ እኔ አግዝሻለሁ፣ ባትሪ ምን ያደርግልሻል፣ እኔ ባትሪ የለኝም እያለ። ነፍሱን ይማረው ልል ምንም አልቀረኝም። ወንድሜ፣ ያንተ ሶላር ከመስመር ጋር የተያያዘ ነው፣ ቀን የተረፈህን ወደ መስመሩ ትሰዳለህ፣ ከቢልህ ይቀነስልሃል፣ ስትገዛም መንግስት ከዋጋው 30 ፐርሰንቱን ከታክስ ቀንሶልሃል፣ እሱም በፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ቆሟል። መብራት ሲጠፋ ያንተም አብሮ ይጠፋል፣ መስመር የሚጠግኑትን ሰዎች እንዳይዛቸው ሆን ተብሎ እንደዚያ ነው የተሰራው። እኔ የምፈልገው ሲጠፋ የሚሰራ ነው! ሶስት ጊዜ አስረድቼዋለሁ፣ አራተኛውን ዛሬ ማታ አስረዳዋለሁ።

ሌላው ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ ክረምቱ ነው። አስር ፓኔል ባለ 550 ዋት ጥር ላይ በጠራ ቀን ወደ 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢያወጣ አይገርመኝም፣ እኛ ቤት በጋገርን ቀን 16፣ ባልጋገርን ቀን 7 ነው የሚፈጀው፣ ይተርፋል። ግን ጥር ላይ መብራቱም ደህና ነው! የሚያሰቃየን ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ያኔ ደግሞ ደመናው ለሳምንት አይገለጥም፣ ግማሹንም ላያወጣ ይችላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። የጎረቤታችን ፎቅም አለ፣ ሦስተኛው ደርሷል፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ጣሪያችን ላይ ጥላ ያጠላል። ፓኔሎቹ በተከታታይ ሲታሰሩ አንዱ ላይ ጥላ ሲያርፍ የሌሎቹንም ጉልበት ይጎትተዋል። መጥታችሁ ጣሪያውን እዩት ብላቸው «አያስፈልግም፣ ጎግል ላይ እናየዋለን» አሉኝ። ፎቁ እኮ ጎግል ላይ ገና ባዶ ቦታ ነው!

ዋስትናውን ስጠይቀው ሻጩ ልጅ «ፓኔሉ 25 ዓመት» አለኝ። ሱቁ የተከፈተው አምና ነው። ማንን ይዤ ነው በ25 ዓመቱ የምመጣው?

ደክሞኛል እውነቴን ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ትልቁን ትቼዋለሁ። ምጣዱ መስመር ላይ ይቆይ። ሁለት ሦስት ፓኔል፣ አንድ ደህና ሊትየም ባትሪ፣ ለፍሪጁ፣ ለአምፖል፣ ለዋይፋዩ፣ ለእማዬ ቲቪ። ፍሪጁ በቀን ከአንድ ተኩል ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም፣ ለካሁት፣ ክረምትም ቢሆን ይችለዋል ብዬ አስባለሁ። ግን ሌሊት 9 ሰዓቱ እንዳለ ነው፣ እሱ ነው ሆዴን የሚበላኝ። እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ማሰሻ ይዛ።

ስለዚህ በሶላር የምትጋግሩ ካላችሁ፣ ስትሸጡ ሳይሆን በእውነት የምትጋግሩ፣ ጻፉልኝ። ሐምሌ ላይ፣ ደመና በሆነ ቅዳሜ፣ ስንት እንጀራ ትጋግራላችሁ? ባትሪያችሁ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ነው? ፍሪጃችሁ አብሮ ሲነሳ ምን ይሆናል? ሻጮች ኢንቦክስ አትምጡብኝ።