ስልኩ ላይ ማን ይቀመጥ?

ጎንደር ውስጥ አምቡላንስ ሲጠራ ስልኩን የሚያነሳው ማን ይሁን? ከተማዋን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ወይስ የጤና ባለሙያ? ጥያቄውን ለሁለት ሰዎች ሰጠን። አንደኛው ዕድሜያቸውን አምቡላንስ ሲነዱ ኖረው፣ ኋላ ላይ ስምሪት ክፍል ስልክ ሲቀበሉ የቆዩ ጡረተኛ ናቸው። ሁለተኛዋ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት።

ሾፌሩ፦ ቤቱን ያላገኘ አምቡላንስ ለማን ይጠቅማል? በሥራ ዘመኔ የቤት ቁጥሩን የነገረኝ ደዋይ አላስታውስም። የእኛ አድራሻ ታቦት ነው። «ከቁስቋም በላይ»፣ «ከልደታ ጀርባ»፣ «ከሥላሴ ቁልቁል» ይላችኋል። አንዳንዱ ደግሞ «ድሮ ወፍጮ ቤቱ የነበረበት» ይላል። ወፍጮው ከተነሳ ሃያ ዓመቱ! ይህን የሚፈታው ሰፈሩን በእግሩ የረገጠ ሰው እንጂ ዲፕሎማ አይደለም።

አንድ የክረምት ሌሊት ከዳገቱ በኩል ተደወለ። ምጥ የያዛት ሴት ናት። መንገዱን ስለማውቀው በዚያ ጭቃ መኪና እንደማይወጣ ገባኝ። «በቃሬዛ አድርጋችሁ ወደ አስፋልቱ አውርዷት፣ መኪናው እዚያ ይጠብቃችኋል» አልኳቸው። እንዳልኩትም አስፋልቱ ላይ ተገናኙ። አገሩን የማያውቅ ሰው ስልኩን አንስቶት ቢሆን ሾፌሩ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ እነሱም በር ላይ ቆመው ይነጋ ነበር።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ በቃሬዛው ረትተውኛል። አሁን እኔ ልጠይቅዎት። አባቱ ድንገት የወደቀበት ልጅ ደወለ እንበል። «ይተነፍሳል?» ሲሉት «አዎ፣ ያንኮራፋል» አለዎት። ምን ይሉታል? ብዙ ሰው «ተመስገን፣ መኪና እየመጣ ነው» ብሎ ይዘጋል። ነገሩ ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ለጥቂት ደቂቃ አልፎ አልፎ አየር ሊስብ፣ ሊያንኮራፋም ይችላል። ያ ማጣጣር ነው፤ ትንፋሽ ብለን አንቆጥረውም።

እኔ ብሆን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሲጠሩት ይሰማል? አተነፋፈሱ እንደ ወትሮው ነው? ለሁለቱም «አይ» ካለኝ ስልኩን አልዘጋም። በጀርባው አስተኛው፣ መሃል ደረቱ ላይ ሁለት እጅህን ደራርበህ ተጫን እለዋለሁ። ለአዋቂ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ ይጫናል። አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ ከ4 እና ከ5 ደቂቃ በኋላ መጎዳት ይጀምራል። ከፒያሳ ተነስቶ በዚያች ጊዜ አዘዞ የሚደርስ መኪና አለዎት?

ሾፌሩ፦ የለኝም። አንቺስ ስልክ ላይ የምታስቀምጫት ትርፍ ነርስ አለሽ? ያንቺው ክፍል ስንት ነርስ እንደጎደለው ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እንግሊዞች 999ን በ1937 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲጀምሩ ስልክ ያነሱ የነበሩት የቴሌፎን ኦፕሬተሮች ናቸው እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም።

ደዋዩንም አትርሺው። ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ግማሹን ተናግሮ ጆሮሽ ላይ ይዘጋዋል። የፖሊሱ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንሱ 907 መሆኑን የማይለይም ሞልቷል። ልጆች ደግሞ ለጨዋታ ይደውላሉ። እሱን ትቆጪና ቀጣዩን ታነሺያለሽ፤ ድምፅሽ ገና ቁጣው አልወጣለትም። ለእኔ ከባዱ ይሄ ነበር።

የጥምቀትንም አስቢው። በጥር 2012 በጥምቀተ ባሕሩ የእንጨት ርብራቡ ተደርምሶ ሰው ሞቶብናል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ዋናው ጥያቄ በዚያ ሕዝብ መካከል መኪናው በየት ይግባ ነው። ነባር ሰው ይመልሰዋል።

ነርሷ፦ በየት ይግባ ብቻ አይደለም፤ ማንን ቀድሞ ያንሳ? የሚጮኸው ቢያንስ ይተነፍሳል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው። ደዋዩን ይህን የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ነርስ እጥረቱ ግን እውነትዎን ነው። ነርስ መሆኑ ይቅር። በብዙ አገር ስልኩን የሚያነሳው የጤና ባለሙያ አይደለም፤ ሠልጥኖ፣ የተዘጋጀ ጥያቄ ፊቱ አስቀምጦ ነው የሚሠራው። እኔ የምጣላው «አገር ማወቅ ይበቃል» ከሚለው ጋር ነው። የአገሩም ነገር ቢሆን ይለዋወጣል። የኮሪደር ልማቱ ስንት ምልክት እንዳፈረሰ አይተዋል? እርስዎ በጭንቅላትዎ የያዙትን አንድ ሰው ደብተር ላይ ካላሰፈረው አብሮዎት ጡረታ ወጣ ማለት ነው።

ሾፌሩ፦ ደብተሩን ማን ጠይቆኝ? በወጣሁ ማግስት ከሌላ ከተማ የመጣ ልጅ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። አንድም ቀን ደውሎ «ጋሼ፣ ይሄ ሰፈር የት ነው?» አላለኝም። ለማንኛውም ሥልጠናውን አልጠላም። አንድ ነገር ግን አልለቅም፦ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ናችሁ?» ይሁን። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው እጄ ላይ ይቀራል፤ መኪና እልካለሁ። ይተነፍሳል ወይ ብለሽ ጀምረሽ ስልኩ ቢጠፋ ምን ይዘሽ ትቀሪያለሽ?

ነርሷ፦ እሺ፣ «የት» ይቅደም። ግን ጋሼ፣ ወፍጮ ቤቱን ማን እንደነቀለው እዚያው ሳይጠይቁ ቶሎ ወደ ሁለተኛው ይለፉ።