እርማት፦ «ሠራኝ» ማለት «ሣለኝ» ማለት አይደለም

በጥንታዊ የግሪክ ማሰሮዎች ላይ የሚነበበው ስም የሠዓሊው እንደሆነና የአማሲስ ሥዕሎችም የሚታወቁት በፊርማው እንደሆነ መጻፍዎ፣ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ስለሆነ እንዲታረም እጠይቃለሁ።

አማሲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን በአቴና የኖረ ሸክላ ሠሪ ሲሆን፣ በዕቃዎቹ ላይ የተጻፈው ማሰሮው ራሱ አፍ አውጥቶ የሚናገር ይመስል «አማሲስ ሠራኝ» የሚል ነው። ግሪኮች «ሣለኝ» ለማለት ሌላ ግስ ነበራቸው፤ ሸክላ ሠሪም ሠዓሊም የነበረው አቴናዊው ኤክሴኪያስ በርሊን በሚገኝ አንድ ማሰሮ ላይ «ኤክሴኪያስ ሣለኝ፣ ሠራኝም» ብሎ ሁለቱንም ጽፏል፤ ልዩነት ባይኖራቸው ኖሮ ሁለቱን መደርደር ባላስፈለገው ነበር። በአማሲስ ዕቃዎች ላይ የሣለው ሰው ግን ስሙን ስላልተወልን «የአማሲስ ሠዓሊ» ይባላል። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ሊሆንም ይችላል፤ ፊርማው ግን ይህን አይናገርም።

አብዛኞቹ ማሰሮዎች ደግሞ ከነጭራሹ ፊርማ የላቸውም። የኦክስፎርዱ ምሁር ጆን ቢዝሊ (1885–1970) የሠዓሊዎቹን እጅ የለየው፣ የሰው የእጅ ጽሕፈት እንደሚለይ ሁሉ፣ ሠዓሊው ሳያስብበት የሚደጋግማቸውን የጆሮ፣ የቁርጭምጭሚትና የአንገት አጥንት መስመሮች በማነጻጸር ነው። በ1911 በዚሁ መንገድ የለየውን አንድ ስም የለሽ ሠዓሊ፣ የግሪኮች አምላክ ሄርሜስና ሳቲር የሚባለው ከፊል እንስሳ የተረት ፍጡር የተሣሉበት ማሰሮ በበርሊን ስለሚገኝ ብቻ፣ በከተማዋ ስም ሰየመው፤ «የበርሊን ሠዓሊ» የሚባለው አቴናዊ በርሊንን በሕልሙም አላያትም።