ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለው ዳኛ

ሁለት ቀን ዝም ልበል ብዬ ታገልኩ፣ አልሆነልኝም። ትናንት ማታ ባለቤቴ «ወይ ጻፈውና ይውጣልህ፣ ወይ ስለዚያች አንድ ነጥብ ሁለተኛ እንዳትነግረኝ» አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ቅርጫት ኳስ የማይወድ ሰው እዚህ ጋ ቢያቆም አልቀየመውም።

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወት፣ አብዛኞቻችን ደረጃ ስንወጣ ጉልበታችን የሚንቋቋ ሰዎች ነን። ተዋጥተን ተመዘገብን፣ ማልያ አሳተምን፣ እዚሁ አዲስ አበባ አንዲት ትንሽ ውድድር ውስጥ ገባን። ሽልማቱ አንድ ዋንጫ ነው፤ እሱም ገና ሳይሰጥ ቀለሙ መላጥ ጀምሯል። ስለዚህ የምጮኸው ለብር አይደለም።

ሦስተኛው ሩብ ላይ 38 ነጥብ ነበረን። የኛ 9 ቁጥር ከጥጉ ላይ ሆኖ፣ ሁለት እግሩም ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ፣ ለቀቃት። ገባች። ዋናው ዳኛ ሁለት እጁን ሰቅሎ በሁለቱም ሦስት ሦስት ጣት አሳየ። እሱ ራሱ! አጥሩ ጋ ቆሎ የምትሸጠው ልጅ እንኳን አይታለች። ቦርዱ ላይ ግን 40 ተገለበጠ። (ቦርዳችን መብራት የለውም፣ በእጅ የሚገለበጥ ቁጥር ነው። እሱን ተዉት።)

አምበል ነኝ። ኳሷ እስክትቆም ጠብቄ ወደ ዳኛው ሄድኩና «ጋሼ፣ ያቺ ባለ ሦስት ነበረች፣ ጠረጴዛው ሁለት ብሎ ነው የያዘው፣ ወረቀቱን አንዴ ይዩልኝ» አልኩ። በጨዋ ደንብ። አልጮህኩም፣ እጄንም አላወናጨፍኩም። «ሂድ ተጫወት» አለኝ። አራተኛው ሩብ ሊጀመር ሲል ደግሜ ጠየቅኩ። «አንተ ልጅ ቴክኒካል ፋውል ትፈልጋለህ?» አለኝ (ለሥነ ሥርዓት ጉድለት የሚሰጠውን ቅጣት ማለቱ ነው)። እኔ ልጅ! የሁለት ልጆች አባት ነኝ።

58 ለ57 ተሸነፍን።

ሒሳቡን ለናንተ ትቻለሁ።

እንዳለቀ ወደ ጠረጴዛው ሮጥኩ። ውጤት የሚመዘግበው ልጅ አሥራ ሰባት ቢሆነው ነው። መዝጋቢው ስለቀረ ጠዋት «አንተ እዚህ ተቀመጥ» ተብሎ የተተከለ ነው፣ ማንም አላሠለጠነውም። ለማታውቁት፣ ወረቀቱ ላይ ነጥቦች ከ1 ጀምሮ ወደ ታች ታትመዋል። ተጫዋቹ ሲያገባ የደረሳችሁበትን ቁጥር በሰያፍ ትሰርዙና ጎኑ ላይ ያገባውን ተጫዋች ቁጥር ትጽፋላችሁ፤ ሦስት ነጥብ ከሆነ የተጫዋቹን ቁጥር ታከብቡታላችሁ፤ የፍሪስሮው (የቅጣት ምት) ነጥብ ደግሞ በሰረዝ ፈንታ ጥቁር ነጥብ ይደረግበታል። እኛ ጋ 41 ላይ መሰረዝ ሲገባው 40 ላይ ተሰርዟል፣ ጎኑ 9 ተጽፏል፣ ክብ የለም። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ በቀስታ «ባለ ሦስት ነበረች… ረስቼው ነው» አለ። አመነ እኮ! ከአዋቂዎቹ ሁሉ ወንድ የሆነው እሱ ብቻ ነው።

ዳኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? ወደ ልጁ ዞሮ «አሁን ነው የምትናገረው?» ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ሕጉን አታውቅም። ሰዓት ካለፈ ወዲያ አይስተካከልም»።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ምክንያቱም ግማሹን ያውቀዋል። ግማሽ ማወቅ ደግሞ ጭራሽ ካለማወቅ ይብሳል፣ ሰውየው በልበ ሙሉነት ነው የሚያሳስተው። የፊባ (የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ የዳኛው የራሱ ስህተት ነው፦ የማይገባ ፍሪስሮው ሰጠ፣ የሚገባውን ከለከለ፣ ሌላ ሰው አስመታ፣ ወይ ነጥብ በስህተት አጸደቀ ወይ ሰረዘ። ይኼ አዎ፣ ጊዜው አጭር ነው። ከስህተቱ በኋላ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሮ፣ ኳሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ፣ እንደገና ወደ ጨዋታ እስክትገባ ካልተያዘ አለቀ። ሌላው የጠረጴዛው ስህተት ነው፦ ነጥብ፣ የፋውል ብዛት፣ የታይም አውት ብዛት በስህተት መመዝገብ። ይኼኛው ዋናው ዳኛ ወረቀቱ ላይ እስኪፈርም ድረስ በማንኛውም ሰዓት ይስተካከላል። ጨዋታው ካለቀ በኋላም ቢሆን። ውጤቱን ቢቀይርም ጭምር! የኛዋ ከየትኛው ናት? ዳኛው ሦስት ብሎ አሳይቶ መዝጋቢው ሁለት ጻፈ። የጠረጴዛ ናት። አለቀ። አንድ ክብ ተጨምሮ 58 እኩል እንሆናለን፣ አምስት ደቂቃ ጭማሪ እንጫወታለን፣ ከዚያ ብንሸነፍም እጅ ተጨባብጠን ማኪያቶ እንጠጣለን።

ፊርማው አልተፈረመም ነበር። ቦታው ባዶ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጓደኛችን በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ ነበርና ሊያሳየው ሞከረ። «ቪዲዮ አይታይም» አለ። እሺ፣ እዚህ ላይ እውነት አለው፣ እንደኛ ዓይነት ውድድር ላይ በሰው ስልክ አይዳኝም። እኔ ግን ቪዲዮ እይ አላልኩትም። ያሳየኸው የራስህ እጅ ነው፣ ራስህን ጠይቅ ነው ያልኩት። መዝጋቢህ አምኗል። ከዚህ በላይ ምን ይምጣልህ?

«ትንሽ ውድድር ነው፣ ምን ያካብዳል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትልቁም ጋ ይሳሳታሉ ወዳጆቼ፣ ልዩነቱ እዚያ ጋ ይታረማል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2007 አትላንታ ሆክስ ከማያሚ ሂት ሲጫወቱ የሆክስ ጠረጴዛ የማያሚውን ሻኪል ኦኒልን ስድስተኛ ፋውሉ ነው ብሎ አስወጣው። በጭማሪ ሰዓት፣ 51.9 ሰከንድ ሲቀር። ሲቆጠር ግን አምስት ብቻ ነበር ያለው፣ የሌላ ሰው ፋውል በሱ ስም ተጽፎ። ኤንቢኤ (የአሜሪካው ሊግ) ምን አደረገ? ሆክስን 50 ሺህ ዶላር ቀጣ፣ ያቺ 51.9 ሰከንድ ደግሞ እንደገና ትጫወት አለ። በማርች 2008 ተጫወቷት። እስከዚያ ሻክ ራሱ ወደ ፊኒክስ ተዘዋውሮ ነበር፣ ሃሃ። ማንም ሳያገባ ሆክስ 114 ለ111 አሸነፈ። ውጤቱ ያው ሆነ። ግን ሚሊዮን ዶላር የሚከፈላቸው ሰዎች ለአንዲት ደቂቃ ያልሞላች ጨዋታ ሜዳ ተመለሱ። እኔን አንድ ክብ ነው የከለከሉኝ።

ስለ ፊርማ ካነሳን ደግሞ የ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ ፍጻሜ አለ። የመጨረሻዋ ሦስት ሰከንድ በሰዓት ውዝግብ ተደጋግማ ተጫውታ በአንድ ነጥብ ይመራ የነበረው አሜሪካ በሶቪየት ኅብረት 51 ለ50 ተሸነፈ። ብራዚላዊው ዳኛ ሬናቶ ሪጌቶ ወረቀቱ ላይ አልፈርምም አለ። ፊርማ ምን እንደሚያህል የገባው ሰው ማለት ይኼ ነው። የኛው እንደ ደሞዝ መቀበያ ጫር አድርጎ ሄደ።

ሌላው የሚያበሽቀኝ፣ በራሴም ነው የተበሳጨሁት፣ አምበል መቃወም ከፈለገ እዚያው ወረቀት ላይ ለአምበል በተዘጋጀው ቦታ ይፈርማል፣ ጨዋታው ካለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ። ይኼንን ያነበብኩት ማታ ቤት ገብቼ ነው። በሰዓቱ እኔ ምን እየሠራሁ ነበር? እየጮህኩ። አሥራ አምስቷን ደቂቃ በጩኸት ጨረስኳት። አዘጋጆቹ ጋ ሰኞ ስደውል «በሰዓቱ ተቃውሞ አላስገባችሁም» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ምን እላለሁ።

ዳኛ አይሳሳት አላልኩም። ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ለትራንስፖርት እንኳን የማትበቃ አበል እየተከፈለው፣ ከሁለት በኩል እየተሰደበ የሚሠራ ሰው ነው፣ አዝንለታለሁ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ለልምምድ ፊሽካ ይዤ ሞክሬ ሦስተኛ አልተመለስኩም። ግን ሰባት እርምጃ ተራምዶ ወረቀት ማየት ምን ይከብዳል? ሁለተኛ ጊዜ ስጠይቀው እኮ አይቶ ቢሆን ማንም ሳያፍር እዚያው ያልቅ ነበር። አንዴ «ሂድ ተጫወት» ካለ በኋላ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ውጤቱን ሳይሆን ፊቱን ነበር።

ሁሉም ነገር ዞሮ ልጁ ላይ ወደቀ። የኛ ሰዎች ሰደቡት፣ አዘጋጁ «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ» አለው፣ ዳኛው ደግሞ ገላመጠው። እኔም መጀመሪያ ላይ ክፉ ቃል ተናግሬዋለሁ፣ ኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

አንድ ነገር ረሳሁ። ዳኛው ሊፈርም ሲል እስክሪብቶ አልነበረውም። ከልጁ እጅ ላይ ወሰደ፣ ፈረመ፣ ኪሱ ከተተና ወደ ባጃጁ ሄደ። ልጁ ከኋላው «ጋሼ፣ እስክሪብቶዬ» እያለ ተከተለው። አልዞረም።