የብብቴ ነገር

ሰውየው ዳቦ ቤት ነበረው። እኔ ከምሠራበት ፓርኪንግ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ እዚሁ ዋሺንግተን መሀል ከተማ። ጠዋት መኪናውን ሲያስገባ በቡዜ፣ ማለት በምሠራባት ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ትኩስ ክሮሳንት ያቀብለኝ ነበር። አንድ ቀን ባዶ እጁን መጣ። "ምነው ዛሬ?" ስለው፣ "ዘጋሁት፤ ከሰርኩ። ባንክራፕሲ ፋይል አደረግሁ" አለኝ። በምን ዓይነት ድምፅ መሰላችሁ? ፀጉሩን ተቆርጦ እንደመጣ ሰው።

እኔ ክው አልኩ። "አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" የሚለውን እንዴት አድርጌ በእንግሊዝኛ እንደምለው ሳሰላስል እሱ ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ። በስምንተኛው ወር ፉድ ትራክ ይዞ ብቅ አለ። ከዳቦ ቤቱ በፊትም የከሰረ ካፌ ነበረው ለካ! "ይሄ ሦስተኛዬ ነው" አለኝ፣ ስለ ልጆቹ እንደሚያወራ አባት እየኮራ።

ይህ ነገር ከነከነኝ። እኔ እዚያች ቡዝ ውስጥ 11 ዓመቴ ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ አንዲት ሀሳብ አለችኝ፦ ቡና ቆልቶ ለካፌዎች ማከፋፈል። የሁለተኛ እጅ መቁያ ማሽን ዋጋ በቃሌ ነው። ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብለን ለጓደኞቼ አወጋኋቸው። አንዱ ጥብሱን እየጠቀለለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል" አለኝ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ዞረ።

ያን ማታ ብብቴን ፈተሽኩ። ምን አለ እዚያ ውስጥ? የሰዓት ክፍያ። ስፖንጁ የወጣ ወንበር። የመኪና ጭስ። በክረምት እግሬ ሥር የማስቀምጣት ማሞቂያ፣ እሷም ግማሽ ጎኗ አይሠራም። ይህን ነው እንግዲህ እንዳይወድቅብኝ ክንዴን አጣብቄ የምሄደው።

እማዬ ጋ ደወልኩ። "ልጄ፣ አርፈህ ሥራህን ሥራ" አለችኝ። ይቺው እናቴ ናት ዲቪ ሲደርሰኝ ወርቋን ሸጣ ቲኬት የቆረጠችልኝ። ዲቪ ማለት እኮ ያኔ በዓመት ቢበዛ 55,000 ቪዛ ነበር፤ የሚሞላው ሰው ሚሊዮኖች ነበር። የለየለት ዕጣ! ያንን ዕጣ ይዤ፣ በ31 ዓመቴ፣ ቋሚ የመንግሥት ሥራዬን ከነጡረታው ጥዬ፣ አንድ ሰው ወደማላውቅበት አገር ስነሳ ስለ ብብቴ ያሰበ አልነበረም። ድግስ ተደገሰ። የነፍስ አባታችን መረቁኝ። ቦሌ ድረስ በሁለት ሚኒባስ ተሸኘሁ። ለደላላ የሚከፈለው በዘመድ አዝማድ ተዋጥቶለት በረሃ የገባ ልጅም አውቃለሁ። ያው ልጅ "መርካቶ ሱቅ ልክፈት፣ አዋጡልኝ" ቢል ኖሮ ጠበል ይወስዱት ነበር። ድፍረት የሚፈቀድልን ከአገር ለመውጣት ብቻ ነው እንዴ?

ስለ ባለዳቦ ቤቱ ሰውዬ ደግሞ ላውራ። መጀመሪያ ጀግና መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳጣራ ከሥሩ ፍራሽ ተነጥፎለታል። ቻፕተር ሰቨን የሚሉት ሕግ አላቸው። የሚሸጥ ንብረት ካለህ ተሸጦ ለአበዳሪዎችህ ይከፋፈላል፤ ከቀረው ዕዳ ብዙውን ፍርድ ቤት ይሰርዝልሃል። የልጅ ቀለብና አንዳንድ ታክስ አይነካም። ኪሳራው ክሬዲትህ፣ ማለት የብድር ታሪክህ፣ ላይ እስከ 10 ዓመት ተጽፎ ይቆያል፣ ብድርም ይወደድብሃል። ቢሆንም ወረቀት ላይ ነው የተጻፈው። እኛ ጋ የሚጻፈው ግንባርህ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ባንክ ቤት ይሠራ ነበር። ለቀቀና ቢሾፍቱ ዶሮ እርባታ ጀመረ። 500 ቄብ አስገባ። አንድ ዙር ክትባት ዘገየበት፤ ፈንግል ገባና በሳምንት ውስጥ ፈጃቸው። ጎረቤቱ ለቅሶ እንደሚደርስ ተግተልትሎ መጣ። አዛኙ ከወጣ በኋላ ስሙ "ዶሮው" ሆኖ ቀረ። ዕድር ላይ ሳይቀር እንዲያ ነው የሚሉት። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፣ ይህንን ታውቁታላችሁ።

ግን ስሙ ምንም አይደለም። ገንዘቡን የተበደረው በአክስቴ ቤት ካርታ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከብትንም ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረትንም መያዣ ማድረግ ይቻላል ይላል። እሱ የሄደበት ባንክ ግን መጀመሪያ የጠየቀው "ካርታ አለ?" ብሎ ነው። ዶሮዎቹ ሲያልቁ አክስቴ በስተርጅና ከቤቷ ልትወጣ ሆነ። ማን ከፈለ? አትሉኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ፣ ከቡዟ ውስጥ።

እንግዲህ የእሱ ፍራሽ እኔ ነኝ። የእኔ ፍራሽ ቡዟ ናት። ባለዳቦ ቤቱ ሰውዬ በወር መጨረሻ ገንዘብ ለመላክ አይሰለፍም። የሚያስተዳድረው አንድ ውሻ ነው። እኔ ብወድቅ አዲስ አበባ ስድስት ሰው ምሳ ይቀርበታል። የጤና ኢንሹራንሴም ከሥራዬ ጋር የታሰረ ነው፤ ትንሿ ልጄ አስም አለባት፤ የመድኃኒቱን ዋጋ ያለ ኢንሹራንስ ያየ ሰው ስለ ድፍረት አያወራም። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ስዘረዝርላት "11 ዓመት ሙሉ እኮ ይህንኑ ነው የምትለው" አለችኝ። አልመለስኩላትም። ምን ልበል?

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ደወለ። 200 ጫጩት ሊያስገባ ነው። የክትባቱን ቀን ግድግዳ ላይ ጽፎ ለጥፏል፤ ፎቶ አንስቶም ላከልኝ። 400 ዶላር ጎድሎታል። አፌን ስከፍት ምን ቢወጣ ጥሩ ነው?

"የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን..."

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። "ወንድሜ፣ የእኔ ብብት እኮ ባዶ ነው። አጣብቀህ የያዝከው አንተ ነህ" አለኝ።

ሰኞ ላክሁለት። ማታ ሺፍቴን ስጨርስ የመቁያ ማሽኑን እንደገና አየሁት። 300 ዶላር ቀንሷል።